ለማህቴ፣ ስለ ፕላስቲኩ ዳሌዬ

ትሮምሶ ሆስፒታል

ማህቴ ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? የምትጽፍልኝ ነርሷ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

ዛሬ ዳሌዬን ራጅ አነሱት። አልቋልና ይቀየር ይሉኛል፣ በረዶው ሳይገባ አጋዘኖቹን ሳልሰበስብ እቀራለሁ ብዬ ሰግቼ ነበር። ሐኪሟ ግን ወጣቶቹን ዶክተሮች ጠርታ፣ "ኑ እዩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ነው። የብረቱ ኳስ የሚዞርበት ፕላስቲክ የተበላው ከጥፍር ውፍረት ብዙም አይበልጥም" አለቻቸው። የእኛ የበረዶ ጋሪ እንጨት እኮ በሁለት ክረምት ተበልቶ ያልቃል።

"አባባ፣ ሲሞቱ ዳሌውን ለምርምር ይተዉልናል?" አለችኝ።

"ልጄ፣ መጀመሪያ አንቺ ጡረታ ውጪ" አልኳት።

ያኔ አብረን ስንታከም አንተ ብረት በብረት አስገብተህ፣ "ኒላስ ጀሪካን አስገባ" እያልህ መንደሩን ሁሉ አሳቅህብኝ። ብረትህ እርስ በርሱ ተፋጭቶ፣ ብናኙ ሥጋህን መርዞ ተነቀለ። አሁን ሌላው ዳሌህ አላስኬድ ሲልህ፣ በዚያው ፍርሃት ቤት ተቀምጠሃል። ጠይቄልሃለሁ፤ ብረት በብረቱን ትተውታል። ዛሬ የሚያስገቡት የሴራሚክ ኳስ ነው፤ የሚዞርበትም ፕላስቲክ ከእኔው የጠነከረ ነው። የእኔ ይህን ያህል ከቆየ የአንተ አንተን ይቀብራል።

ስለዚህ ሳልጠይቅህ ለቀዶ ሕክምናው ስምህን አስመዝግቤአለሁ።

ነርሷ ፖስት ካርዱ ሞላ ትላለች። ሚስትህን ሪስተንን ሳምልኝ፣ ለጎረቤቶቹም ሰላም በልልኝ። አንተም ከፈለግህ ተቆጣኝ፤ ግን ቆመህ ተቆጣኝ።

ኒላስ