አየር አልባ ጎማ ሠርተው ማኅተም ሲጠብቁ ላረፉት ለአቶ ዱጉማ ቃልቤሳ የወጣ የሀዘን መግለጫ

እንደገና የጎማ ጥገና ኅብረት ሥራ ማኅበር
ቃሊቲ
ሐምሌ 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለማኅበሩ አባላት፣ ለደንበኞቻችን፣ እንዲሁም ጎማ መንገድ ላይ ተንፍሶባቸው ለሚያውቁ ሁሉ

የማኅበራችን መሥራች አባል የነበሩት አቶ ዱጉማ ቃልቤሳ ባደረባቸው አጭር ሕመም ሐምሌ 2 ቀን 2006 ዓ.ም. በስልሳ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። የተሰማን ሀዘን ጥልቅ ነው። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሀዘን ጥልቅ መሆኑ የተለመደ መሆኑን እናውቃለን፤ የእኛ ግን ከሀዘኑ ጋር ሌላም ነገር ተቀላቅሎበታል።

ይህ መግለጫ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው አራት መስመር ነበረ፤ ያማረ ነበረ። የሟች ባለቤት ወ/ሮ አስካለች ሀብተሚካኤል አንብበው መለሱልን፤ "ከጻፋችሁ ሁሉንም ጻፉ። አለዚያ በቤቴ በር ላይ እንዳትለጥፉ" ብለውናል። ስለዚህ ሁሉንም ጽፈናል።

አቶ ዱጉማ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው መንጃ ፈቃድ አውጥተው፣ ዕድሜያቸውን ከጎማ ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው።

በ1991 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ለሠራዊቱ ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ነድተዋል። አንድ ቀን የቦቴው ሁለት ጎማ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ ትርፉም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ቆሙ። ያን ውሃ ስንት ሰው ይጠብቅ እንደነበር፣ ከሦስት ሰዓት በኋላስ ስንቱ እንደቆየ ማኅበሩ መረጃ የለውም። ጠይቀናቸው "ሦስት ሰዓት" ብቻ አሉ። በሌላ ጊዜም ጠየቅናቸው፤ ያንኑ አሉ።

በ1998 ዓ.ም. በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ በተባልን ጊዜ ከሃያ ሦስታችን ጋር ሆነው ይህን ማኅበር መሥርተዋል። ቦታ ተሰጠን፣ ኮምፕሬሰር ገባልን፣ ክብ ማኅተም ተቀረጸልን። ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) በመለጠፍ የሚደርስባቸው ጎሚስታ አልነበረም። እሳቸው የለጠፉት ቦታ ተመልሶ ስለማይተነፍስ "ደንበኛ ያስቀራሉ" ተብሎ በግምገማ ላይ ተነሥቶባቸዋል። ሂሱን ተቀብለው አልተሻሻሉም።

በ2001 ዓ.ም. አየር የሌለው ጎማ ሠሩ።

ነገሩን ላላዩት ለማስረዳት ያህል፦ ከተጣለ የከባድ መኪና ጎማ ላይ እየቆረጡ፣ አሮጌ ባሌስትራ እያጎበጡ፣ በሁለት ቀለበት መካከል እንደ ማር እንጀራ ዓይን ዓይን አድርገው አያያዙት። ከአንዱ ጎን ሲያዩበት በሌላው ጎን መንገዱ ይታያል። ክብደት ሲያርፍበት ጎንበስ ይላል፤ ሲነሣለት ቀና ይላል። እሾህ ቢወጋው፣ ጥይት ቢበሳው መሄዱን አይተውም፤ ከውስጡ የሚወጣ ነገር የለውማ። ለጦር መኪናና መንገድ በሌለበት ለሚሄድ ተሽከርካሪ ነው ብለው አራት ሠርተው፣ ዋዝ በምትባለው አሮጌ የጦር ጂፓቸው ላይ ገጠሟቸው። ሌላ ምንም አልጠየቁም፤ ጦሩ አንድ ቀን ወስዶ እንዲሞክርላቸው ብቻ ፈለጉ።

ማኅበሩ በወቅቱ ሙያዊ ምርመራ ማድረጉ ሊመሰገንበት ይገባል። ጎማው እንደማንኛውም ጎማ በበርሜል ውሃ ውስጥ ተነክሮ አረፋ እስኪወጣ ተጠበቀ። አርባ ደቂቃ ተጠበቀ። አረፋ ስላልወጣ "ቀዳዳው አልተገኘም" ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ሒሳብ ሹማችን አቶ ጉተማ ፈየራ በበርሜሉ ላይ አጎንብሰው ሲያዩ ቆይተው፣ "ኧረ ጎበዝ፣ ይሄ'ኮ ሁሉ ነገሩ ቀዳዳ ነው" ብለዋል። ይህ አልተመዘገበም።

ቀጥሎ አቶ ዱጉማ ሙከራ እንዲፈቀድላቸው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጻፉ። መልሱ በአራተኛው ወር መጣ፦ "የጎማው የአየር ግፊት ስላልተገለጸ ተገልጾ ይቅረብ።" እሳቸውም "ጎማው አየር የለውም" ሲሉ መለሱ። መሥሪያ ቤቱ፦ "አየር የሌለው ጎማ ለሙከራ ስለማይቀርብ ተነፍቶ ይቅረብ።" እሳቸው፦ "የሚነፋበት የለውም።" መሥሪያ ቤቱ በዚህ ጊዜ አሰበበት መሰለን፣ ስድስት ወር ቆይቶ እንዲህ አለ፦ "የማይነፋ መሆኑን በአካባቢው የሚገኝ ሕጋዊ የጎማ ጥገና ማኅበር አረጋግጦ በተያያዘው ቅጽ ላይ ማኅተም ያድርግበት። ሙከራው በዚያው ይፈቀዳል።"

በአካባቢው የነበረው ሕጋዊ የጎማ ጥገና ማኅበር አንድ ብቻ ነው። እኛ ነን።

ቅጹ የካቲት 2002 ዓ.ም. ለስብሰባ ቀረበ። የተባለውን ከቃለ ጉባኤው እንዳለ እናወጣለን። ሰብሳቢያችን አቶ ገብረጻድቅ፦ "ጋሽ ዱጉማ፣ እንዲያው ይህን ሲሠሩ እኛን ትንሽ እንኳ አላሰቡንም?" አቶ ዱጉማ፦ "ለጦር ነው'ኮ ልጄ። ታክሲ አይነካም።" አቶ ጉተማ፦ "ዛሬ ለጦር፣ ነገ ለሲኖትራክ፣ ከነገ ወዲያ ለሚኒባስ! ያኔ እኔ ምን ልንፋ? ፊኛ?" ከኋላ ወንበር ስሙ ያልተመዘገበ አባል፦ "ይህ ጸረ ልማት ነው።" አቶ ዱጉማ፦ "እናንተ ሰዎች፣ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ?" ስብሰባው ለሻይ ተበተነ።

እምቢ ማለት አሳፈረን። እሺ ማለት አስፈራን። ሃያ ሦስት ቤት በሚስማር ይተዳደራል፤ ይህን የሚረዳ ይረዳዋል። ስለዚህ ከሻይ ስንመለስ "ማኅተሙ ተበላሽቷል" ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው ቃለ ጉባኤው አይገልጽም። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ብለነዋል።

ማኅተሙ አልተበላሸም ነበር። በዚያው ሳምንት ለአምስት አባላት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለአንድ ሠርግ ደግሞ የድንኳን ውሰት ወረቀት ተመቶበታል።

አቶ ዱጉማ በማግስቱ ማስቲሽና መቀስ ይዘው ቢሮ መጡ። "የማኅተሙ ፊት ጎማ አይደል? አምጡት እስቲ፤ የጎማ በሽታ እኔ አላጣውም" አሉ። ሰብሳቢው ማኅተሙ ሳሪስ ቤታቸው እንደተቆለፈበት ገለጹላቸው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ማስቲሹን ይዘው መጡ። ማኅተሙ በዚያች ሰዓት በአቶ ጉተማ የካፖርት ኪስ ውስጥ ነበር። አቶ ጉተማ ያን ቀን ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ተቀምጠው ላብ በላብ ሆነው ውለዋል።

በ2004 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሥራ ሲጀመር መንገዳችን በሚስማርና በሽቦ ተሞላ። ገበያው ደራ፤ ቅጹም ይበልጥ ተረሳ። በእነዚህ ዓመታት ዋዟ የጎማ ማረጋገጫ ስለሌላት አስፋልት እንዳትወጣ ተከልክላ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች። አቶ ዱጉማ ቀን ቀን ከእኛ ጋር የሰው ከመነዳሪ ይለጥፋሉ፤ ማታ ሲገቡ ጎማዎቹን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ያያሉ። ይህን የነገሩን ወ/ሮ አስካለች ናቸው።

በ2005 ዓ.ም. ወ/ሮ አስካለች ራሳቸው በየወሩ እየመጡ ይጠይቁን ጀመር። "ማኅተሙስ?" "ለጥገና ሄዷል እትዬ።" "የት ነው የሚጠገነው?" "መርካቶ።" "መርካቶ የት ጋ?" እዚህ ላይ አንድ አባል ሁልጊዜ ኮምፕሬሰሩን ያስነሣው ነበር። ኮምፕሬሰር ሲነሣ ሰው መነጋገር አይችልም።

ሰኔ 2006 ዓ.ም. አቶ ዱጉማ ታመሙ። ሰብሳቢያችን ማኅበሩን ወክለው ብርቱካን ይዘው ሄዱ። ሕመምተኛው ቀና ብለው፦ "ገብሬ፣ ማኅተሙ እንዴት ሆነ?" አሉ። "ለጥገና እንደሄደ ነው ጋሼ።" "እንዲህ የቆየው ጥሩ ጎሚስታ አላገኘም ይሆናል" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። አቶ ገብረጻድቅ ብርቱካኑን አስቀምጠው ወጡ። ቢሮ መጥተው ሳጥኑን ከፈቱ፣ ማኅተሙን አዩት፣ መልሰው ቆለፉት። ለምን መልሰው እንደቆለፉት ጠይቀናቸዋል፤ "ምልዓተ ጉባኤ አልነበረማ" ብለዋል። ማኅበሩም ይህን መልስ ይረዳዋል። ማኅበሩን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳፍረው ይህን መልስ መረዳቱ ነው።

የቀብር ሥርዓታቸው ሐምሌ 3 ቀን ተፈጸመ። አስከሬኑን የያዘችው ፒክአፕ ከኮዬ ፈጬው ኮንዶሚኒየም ግንባታ ጀርባ፣ ወደ አባቶቻቸው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው የዋልካ መንገድ ላይ ሁለት ጎማዋ በግንባታ ሚስማር ተበስቶ ቆመች። ትርፏ አንድ ብቻ ነው። እኛ ከኋላ በተከራየነው አውቶብስ ነበርን፤ የእሱም የፊት ጎማ በዚያው ሚስማር ተነፈሰ። ወርደን ተያየን። ለቀብር ነጠላ እንጂ መሣሪያ የያዘ የለም። አቶ ጉተማ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፦ "ሃያ ሦስት ጎሚስታ! አንድ ክሪክ የለም!" አሉ። ዝናቡ ጀመረ። አስከሬኑ ሳይንቀሳቀስ፣ እኛም ምንም ማድረግ ሳንችል ሰዓቱ ሄደ። ከመካከላችን አንዱ ስንት ሰዓት እንደቆምን ሊናገር ሲል ሌላው አፉን ያዘው።

በመጨረሻ ወ/ሮ አስካለች ለልጃቸው ለወ/ሪት ፌኔት ዱጉማ፦ "ሂጂ፣ ዋዟን አምጫት" አሏት። "እማዬ፣ ትራፊክ ቢይዘኝስ?" "ለአባትሽ ነው በይው።" ፌኔት በሞተር ብስክሌት ተፈናጥጣ ሄደች፤ ዋዟን እየነዳች፣ አስፋልቱን ትታ በእርሻው መሐል እየቆረጠች መጣች። ሣጥኑን ከፒክአፕ አውርደን ዋዟ ላይ ጫንነው። ዋዟም በዋልካው፣ በሚስማሩ፣ በድንጋዩ ላይ ሳትቆም አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። እኛ በእግራችን ከኋላዋ ጭቃ እያቦካን ተከተልን። ከጎኗ ሆኖ ለሚያይ፣ በጎማዎቹ ዓይኖች መካከል የመንገዱ ማዶ ይታይ ነበር።

ከግብዓተ መሬቱ በኋላ አቶ ጉተማ ተንበርክከው ከአራቱ ጎማዎች አሥራ አንድ ሚስማር ነቅለዋል። ለልማድ ያህል በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ምራቃቸውን ቀብተው አረፋ ጠብቀዋል። አረፋ አልነበረም።

ሐምሌ 5 ቀን፣ በሠልስቱ፣ ማኅበሩ በድንኳኑ ውስጥ ስብሰባ አደረገ። ከተመሠረተ ወዲህ ምልዓተ ጉባኤ ሲሞላ የመጀመሪያው ነው፤ ሁሉም ለለቅሶ መጥቶ ነበር። አራት መስመሩ የሀዘን መግለጫ በአሥር ደቂቃ ጸድቆ ማኅተም ተመታበት። ቀጥሎ ያ ቅጽ ወጣ። "የአየር ግፊት" የሚለው ቦታ ላይ ምን ይሞላ የሚል ክርክር ሲነሣ አቶ ጉተማ "አያስፈልገውም ብላችሁ ጻፉ፤ ምን ያንቀጠቅጣችኋል!" ብለው ጮኹ፤ ቀጥለውም አለቀሱ። ተጻፈ። ማኅተሙ ተመታ። በሃያ ሦስት ድጋፍ፣ በዜሮ ተቃውሞ።

ሐምሌ 7 ቀን አቶ ገብረጻድቅ ቅጹን ይዘው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ኃላፊዋ ቅጹን አገላብጠው አዩት፤ ሁሉም ነገር የተሟላ መሆኑን ገለጹ። የሙከራ ፈቃዱን በአካል ቀርበው የሚፈርሙት ግን አመልካቹ ራሳቸው መሆናቸውን አስረዱ። "አመልካቹ አርፈዋል" ተባለ። "እንግዲያው በሕይወት ያለ አመልካች በአዲስ ማመልከቻ ይጀምር፤ መጀመሪያ ግን የጎማው የአየር ግፊት ይገለጽ" አሉ። ማኅበሩ ወደፊት ለሚጻፉ ደብዳቤዎች ሁሉ ማኅተሙን ይዞ ለመቆም ቃል ይገባል። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚጠቅም አናውቅም። ሌላ ያለን ነገር ግን የለም።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ አስካለች፣ ለልጃቸው ለፌኔት፣ በአንድ ወቅት በአንድ መንገድ ላይ ውሃ ይጠብቁ ለነበሩት ሰዎች ቤተሰቦች፣ ማንነታቸውን ባናውቅም፣ መጽናናትን እንመኛለን። አቶ ዱጉማን አፈሩ ይቅለላቸው። የእኛ ይክበደን።

በዚያው በሐምሌ 7 ቀን ከቀትር በኋላ ሁለቱን ወረቀቶች፣ የሀዘን መግለጫውንና ቅጹን፣ ለወ/ሮ አስካለች አስረክበናል። ጎን ለጎን ይዘው አዩአቸው። ክቡን ማኅተም በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት፤ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ፊደል አልጎደለውም። ከዚያ ቀና ብለው በየተራ ካዩን በኋላ፦

"ማን ጠገነላችሁ?" አሉ።

እንደገና የጎማ ጥገና ኅብረት ሥራ ማኅበር
(ማኅተም አለው)