ሽማግሌው የተከናነበው ምንጣፍ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ያ ዝናብ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮ እንኳ ተወሽ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ወንድሜ ዶዶንግ ይህን ሲያነብልሽ ፊደሌ ዶሮ የጫረው መስሎ ቢያገኘው እንዳይስቅብኝ ምክንያቱን ልንገራችሁ። አትደንግጪ፣ አሁን ድኛለሁ፤ ቀኝ እጄ ተሰብሮ ነበር፣ ጣቶቼም ገና አልተፍታቱም።

የገጨኝ የሆቴላችን ሾፌር ታቪታ ነው። የሠራተኛ ማመላለሻውን ወደ ኋላ ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር እየተሳሳቀ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ሥራ አስኪያጃችን ይባረር አለ። የስንብት ደብዳቤውን የምፈርመው ደግሞ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዋ እኔው ነኝ። አራስ ሚስት እንዳለችው አውቃለሁ፤ ግን አላሳዘነኝም። ለሰው ሁሉ የዓመት ፈቃድ እየፈረምኩ የራሴን ሳልወስድ የከረምኩ ሰው፣ እጄ በጀሶ ታስሮ ፀጉሬን የሚያበጥርልኝ አጣሁ። ከማንጎው ሥር አስቀምጠሽ እየተቆጣሽ ስታበጥሪኝ ትዝ እያለኝ አለቅስ ነበር። እጄ ሲፈታ መጀመሪያ የምፈርመው የእሱን ነው ብዬ ዛትኩ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሬን ብከፍት ደጄ ላይ ሰዎች ተንበርክከዋል። ከፊት ያለው ሽማግሌ ከቅጠል የተሠራ ስስ ምንጣፍ ተከናንቧል፤ የታቪታ አጎት፣ የቤተሰባቸው አለቃ ነው። እዚህ ሳሞአ የበዳይ ወገን እንዲህ ተንበርክኮ ይጠብቃል። የተበዳይ ቤተሰብ ወጥቶ ይቅር ብሎ ምንጣፉን እስኪገልጥ ፀሐይ ቢያቃጥለው፣ ዝናብ ቢወርድበት አይነሳም። እኔ ግን ምን ቤተሰብ አለኝ? በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

ያኔ የልብስ እጥበት ክፍሏ ፊሎሜና ሴቶቿን አስከትላ መጣች። ሳታስፈቅደኝ ከጎኔ ቆመች፤ ሌሎቹም ከኋላዬ ተደረደሩ።

"ምን ያፈዝሻል አንቺ? ሰውዬው አርጅቷል፣ ጉልበቱን አትጨርሺበት" አለችኝ በሹክሹክታ።

ዘመድ የለኝም እኮ ብላት ተቆጣች። "ታዲያ እኛ ምንሽ ነን? የጎረቤት ድመት?"

እማዬ፣ በግራ እጄ ምንጣፉን ስገልጠው የሽማግሌው ፊት የአባዬን መሰለኝ። ሳላስበው እጁን አንስቼ እንደ ቤታችን ደንብ ግንባሬ ላይ አደረግሁት። ግራ ገብቶት ፊሎሜናን ሲያያት፣ በሀገሯ ሽማግሌ የሚከበረው እንዲህ ነው አለችው። ከዚያ ሁላችንም አለቀስን። ታቪታን አላባረርኩትም፤ ግን መሪ እንዳይነካ ወደ አትክልት ክፍል አዛወርኩት። ሥራ አስኪያጁ ለጥቂት ቀናት አኮረፈኝ።

ምንጣፉ ለተበዳይ ወገን ይቀራል። ለፊሎሜና ልሰጣት ስል ሽማግሌው ከለከለኝ። "የሰበርነው የእናትሽን ልጅ ነው፤ ለእሷ ይድረስ" አለ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አደራ፣ ሳጥን ውስጥ አትደብቂው፣ ተቀመጪበት። መልስሽንም ቶሎ አጽፊልኝ። ሽማግሌው እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ይጠብቀኝና "እናትሽ ይቅር አለችን?" ይለኛል።

አክስቴ ፓሲንግን ሳሚልኝ፤ ዶዶንግ ትምህርቱን እንዳይተው ንገሪው፤ ለትንሿ ኢኔንግ ዛጎል ለቅሜላታለሁ፤ የአያቴንም እጅ ስለ እኔ ግንባርሽ ላይ አድርጊልኝ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ ሊጋያ
ሳሞአ፣ ኡፖሉ ደሴት
ኖቬምበር 9 ቀን 2016