አንገትሽን ገልጠሽ ጠብቂኝ

ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ውሸቴን ልናዘዝ። እሁድ ስናወራ ኔትወርኩ አልተቋረጠም፤ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስልኬ ተበላሸ ብለሽ ልታሠሪው ወገዳ ድረስ እንዳትለፊ።

የዘጋሁት ባልሽኝ ነገር ነው። "ሰርግሽ ላይ አልመጣም፣ ከዚሁ ሆኜ እመርቅሻለሁ። የእናትነቱን ወግ አክስትሽ ሙሉዓለም ታድርስልሽ፤ የሷ አንገት ንጹህ ነው" አልሽኝ። ቁጣ የለው፣ ልቅሶ የለው። ስለ በርበሬ ማስፈጨት የምትነግሪኝ ነው የሚመስለው። ብትቆጪኝ ኖሮ እኔም እቆጣ ነበር፤ መቼም አፌን ታውቂዋለሽ። ያ ረጋ ያለ ንግግርሽ ግን ስልኩን አዘጋኝ።

በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ለይተሽ ስሜን በእጅሽ ጽፈሽ ያሳየሽኝ ጊዜ "ከእንግዲህ ደብዳቤ ጻፊልኝ" ብለሽኝ ነበር። አንድም አልጻፍኩም። ይኸው ጻፍኩ፤ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው። ለጎረቤት እንዳትሰጪው፣ የማፍርበት ነገር አለው።

የተነቀስኩበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ስምንት ዓመቴ ነበር። ነቃሿ ሴትዮ ከእስቴ መጥታ፣ ጥላሸቱን በቅጠል ጭማቂ በጠበጠች። አንቺ ራሴን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ያዝሽኝ፤ እሷ ያንቺን አንገት እያየች የኔን ወጋችው። ሦስት ዙር መስመር፣ በመሐላቸው ነጠብጣብ፣ ከጉሮሮ ሥር መስቀል። መስመሮቹን ቻልኩ። መስቀሉ ላይ ስትደርስ ግን እጇን ነክሼ ወደ ገብሱ ማሳ ሮጥኩ። የቁሙ መስመር ብቻ ተሠርቶ አግድሙ እንደቀረ ቀረ። ከገብሱ ውስጥ ጎትተሽ ስታወጪኝ አልተቆጣሽኝም። ቅቤ ቀባሽኝና መስተዋት ይዘሽልኝ "እይው፤ ከእንግዲህ የማን ልጅ እንደሆንሽ የሚጠይቅ የለም" አልሽኝ። ኮራሁ። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ቀና ብዬ ነበር የምሄደው፣ ሰው እንዲያይልኝ።

ኋላ ለትምህርት ንፋስ መውጫ መጣሁ። ከክፍላችን ሴቶች ንቅሳት ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌሎቹ የሚያውቁት በአያቶቻቸው አንገት ላይ ነው። "እማማ ሰብለ" አሉኝ። ጠዋት ክፍል ስገባ ብድግ እያሉ "እማማ፣ ይቀመጡ" ይሉኝ ነበር። እዚያ አብሬ ስቄ፣ ቤት ገብቼ በሎሚና በጨው እፈትገዋለሁ። አለቅም ሲለኝ በረኪና ጨመርኩበት። ከግራ ጆሮዬ ሥር ያለው ጠባሳ የዚያ ነው እንጂ ምንም የፈላ ውሃ አልተደፋብኝም። አንቺ ግን አምነሽኝ ማር ላክሽልኝ።

እንደማይለቅ ሲገባኝ ሻርፕ ጠመጠምኩ። ለንፋስ መውጫ ብርድ ሻርፕ ማን ይጠይቃል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን በዚያ ሙቀት ለጠየቀኝ ሁሉ "ቶንሲል ነው" እያልኩ አራት ዓመት ጨረስኩ። አራት ዓመት የሚቆይ ቶንሲል የለም እማዬ። ባዮሎጂ እየተማርኩ እንዲህ መዋሸቴ ራሴንም ይገርመኛል።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ። ስመረቅ ጋውኔን ለብሼ እዚህ ንፋስ መውጫ አብረን ፎቶ ተነሳን። አንቺ ነጠላሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ፣ አንገትሽን ገልጠሽ፣ እንዴት ያምርብሽ ነበር። እኔ ለፎቶ አንሺው፣ ለይታያል፣ ቀስ ብዬ "የሁለታችንንም አንገት አጽዳልን" አልኩት። ኮምፒውተሩ ላይ አጸዳው። በፍሬም አድርጌ ላክሁልሽ። ደውለሽ "ይቺ ካንቺ ጎን ያለችው ማን ናት?" ስትይኝ የምትቀልጂ መስሎኝ ሳቅሁ። "ወጣት አስመሰለሽ እኮ" አልኩሽ። ወሬ ቀየርሽ።

ከዚያ ወዲህ ወደኔ ስትመጪ ነጠላሽ እስከ አገጭሽ ተጠምጥሞ ነው። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ገብቶኝ ዝም አልኩ፤ እንዲያውም እፎይ አልኩ። ሰርጉን እዚህ በኪራይ ቤት ላድርገው ያልኩሽም ለእንግዳ ስለሚመች አይደለም። ሙሽራ ከእናቷ ደጅ እንደምትወጣ ጠፍቶኝ አይደለም። የወደፊት አማቾቼ፣ የመሐሪ ዘመዶች፣ እንዳያዩሽ ነው። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ማክሰኞ ዕለት የሰርግ ቀሚሴን ልለካ ረሺዳ ጋ ሄድኩ። ረሺዳ ገበያው አጠገብ የምትሰፋ ሴት ናት። ሃያ ዓመት ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣለች፤ አፏ ላይ የመጣውን አታስቀርም። "አንገቱ እስከ አገጬ ይዘጋልኝ" አልኳት።

"ሙሽራ ነሽ ወይስ ጉንፋን ይዞሻል?" ብላ ሻርፔን ራሷ ፈታችው። እጇን ልይዝ ስል ቀደመችኝ። መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች። ልትስቅብኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ።

"ይህን ማን ነው የሠራው?" አለች።

"አንዲት የእስቴ ሴትዮ።"

"በመርፌ?"

"በእሾህ።"

"በእሾህ? በምታለቅስ ልጅ አንገት ላይ?" ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደችው። "እኔ በጠመኔ አስምሬ፣ ዝም ብሎ የተኛ ጨርቅ ላይ እንዲህ ያለ ዙር አይወጣልኝም። ይህን ልሸፍን? አልሰፋም።"

"እንዴት አትሰፊም? ሰርጌ እኮ ነው።"

"አልሰፋም አልኩሽ። መሸፈኛ ከፈለግሽ ብርድ ልብስ ግዢ።"

በሕይወቴ ሰው አንገቴን አይቶ ሲቀና የዚያን ቀን ማየቴ ነው። ወረቀት አወጣችና የቀሚሱን ጥልፍ ከአንገቴ መገልበጥ ጀመረች፤ ዙሩን፣ ነጠብጣቡን። መስቀሉ ላይ ስትደርስ ቆመች። "የዚህ ግማሹ የት ሄደ?" አለችኝ። ካንቺ አንገት እንደተገለበጠና ነቃሿን እንደነከስኩ ስነግራት ሳቀች። "የእናትሽ ሙሉ ነው አይደል? ጫፎቹ ምን ዓይነት ናቸው?"

እማዬ፣ ማስታወስ አቃተኝ። እዚያ አንገት ሥር ተኝቼ ያደግኩ ልጅ፣ የመስቀልሽን ጫፍ አላውቀውም። "ቆይ ፎቶዋን ላሳይሽ" ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። የምረቃው ፎቶ ወጣ። ረሺዳ ጠጋ ብላ አየችና "ይቺ ናት እናትሽ? አንገቷ ላይ ምንም የለም እኮ" አለች።

ያን ጊዜ "ይቺ ማን ናት" ያልሽኝ ገባኝ። ቀልድ አልነበረም። እዚያው የተቆረጠ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ዋናው ፎቶ ካለ ብዬ ወደ ፎቶ አንሺው ይታያል ሮጥኩ፤ የድሮው ኮምፒውተር ሲበላሽ አብሮ ጠፍቷል። ያ አንገት አሁን ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።

ከፎቶ ቤቱ ስወጣ ንፋሱ አንገቴን ነካኝ። ሻርፔን ረሺዳ ጋ ጥዬዋለሁ። ልመለስ አልኩና ተውኩት። በዋናው አስፋልት፣ በባጃጆቹ መሐል፣ እንዲሁ ቤቴ ደረስኩ። አንዲት እንቁላል ሻጭ ብቻ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ እንቁላሏን አየች። አሥራ ምናምን ዓመት የፈራሁት ይኸው ነበር።

በማግሥቱ ላስተምር ክፍል የገባሁት እንደዚያው ነው። ሹክሹክታ ነበር። ከኋላ አንዷ "ቲቸር፣ ሲነቀሱ አላመመዎትም?" አለችኝ። "አሞኝ ነቃሿን ነክሼ አመለጥኩ" ስላቸው ክፍሉ በሳቅ አለቀ። የበረኪናውንም ነገርኳቸው፤ ቆዳ እንዴት እንደተሠራና ቀለሙ ለምን እንደማይለቅ ሠሌዳ ላይ ስዬ አስረዳኋቸው። ያን ቀን ያስተማርኩትን ያህል አስተምሬ አላውቅም።

መሐሪ ደግሞ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ። "አንገትሽ ላይ ሕመም ያለ መስሎኝ ለመጠየቅ እፈራ ነበር" አለኝ። "እናትህስ ምን ትላለች?" አልኩት። "እናቴ? የሷ አምስት ዙር ነው። በሦስት እንዳትስቅብሽ ፍሪ።" ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ስገባ ስወጣ ሴትዮዋን አይቻታለሁ፤ አንገቷን ግን ልብ ብዬ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን እንዳትቀየሚኝ። ሴት ልጅ ብወልድ በስምንት ዓመቷ አልነቅሳትም። አንገቷ የራሷ ነው፤ አድጋ ራሷ ከፈለገች ጭኔ ላይ አድርጌ እይዛታለሁ። የኔ ግን የኔ ነው። ከነጠባሳው፣ ከነግማሽ መስቀሉ ወድጄዋለሁ። ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሜ ፈልጌ አየዋለሁ፤ ሥራ እስከማረፍድ ድረስ። ቆንጆ ነኝ እማዬ። ይህን ሳልጽፈው እንዳይቀር።

ስለዚህ ሰርጉ እዚህ አይሆንም። የኪራዩን ቤት ትቻለሁ፤ መሐሪም ተስማምቷል። ጥር 24 እሁድ የምወጣው ከደጅሽ ነው። ዳሱን አስጥዪ። ረሺዳና ባሏ ሷሊህ ከኔ ጋር ሐሙስ፣ የማርያም ዕለት ይመጣሉ። የነሱን በግ ሷሊህ ራሱ ያርዳል፤ ድስቱን ለብቻ አዘጋጂላቸው። አክስቴ ሙሉዓለምን እንግዳ ሆነሽ ነይ በያት፤ የእናትነቱ ቦታ ባለቤት አለው።

ፎቶውን ከግድግዳው አውርጂው። ሌላ እንነሳለን፣ ማንም ምንም የማያጸዳው።

ቀሚሱ እስከዚያ ያልቃል። ደረቱ ላይ የመስቀሉ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ረሺዳ ያንቺን ሳታይ አንድ መርፌ አልሰካበትም ብላለች፤ እኔም ሳያልቅ አልለብሰውም፤ ሳልለብስ ደግሞ አልዳርም። እንግዲህ ሳልዳር እዚያው ቤትሽ እንድቀር ከፈለግሽ ነጠላሽን ጠምጥሚ።

መኪናው ወገዳ ያወርደናል፣ ከዚያ በእግር ነው። ዳገቱን ስወጣ በሩቅ አይሻለሁ። አንገትሽን ገልጠሽ ጠብቂኝ፤ እኔም ገልጬ እመጣለሁ። አብረን ስንቆም የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚጠይቅ አይኖርም።

ልጅሽ፣
ሰብለ፣ የእናቷ የፈትለወርቅ