በጃንጥላ ቆጠራ ለተመረጡት ሊቀ መንበራችን

ለክቡር አቶ ሰጠኝ አለበል
የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ጉሮሮዎም ከሦስት ሳምንት የምረጡኝ ንግግር በኋላ ያገገመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጥራት ቁጥጥር ክፍል የምሠራ፣ ባለፈው እሑድ ከእርስዎ ጋር ተወዳድሬ የተሸነፍኩ አባልዎ ነኝ። ምስጋናዬ በቃል ብቻ እንዳይቀር ይህን ደብዳቤ ዛሬ ማክሰኞ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

1. ከደመወዛችን በየወሩ በሚቆረጠው የማኅበር መዋጮ፣ ፎቶግራፍዎ የታተመባቸው አራት መቶ ጃንጥላዎች ገዝተው ስላደሉን እናመሰግናለን። የጎንደርን ነሐሴ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ አሳቢነት ነው። መዋጮው የእኔም ስለሆነ፣ እኔን ለማሸነፍ የበኩሌን አድርጌያለሁ ማለት ነው።

2. ድምፅ የምንሰጠው ግቢ ውስጥ ቆመን እጅ በማውጣት ነው። የእርስዎ ስም ሲጠራ ዶፍ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ዘረጋ፤ ቆጣሪ የነበሩት የአክስትዎ ልጆችም ጃንጥላዎቹን ቆጠሩ። አባል ያልሆኑት የጥበቃው አያ ባዬ እንኳ ከዝናቡ ሲሸሹ ጃንጥላ ስለዘረጉ ለእርስዎ ድምፅ ሰጥተዋል። የእኔ ስም ሲጠራ ግን ጃንጥላ የያዘ እጅ እንደማይቆጠር ተነገረን። ስለዚህ የመረጡኝ፣ ለመበስበስ የፈቀዱ ሃያ ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው።

3. ልብስ ሰፊዋ አበቡ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ቦታሽ ተይዟል ተብላ ተባረረች። ማኅበሩ ጠበቃ ሊያቆምላት ቃል ገብቶ ነበር። በቀጠሮው ቀን ግን የጠበቃው ገንዘብ ለጃንጥላ ወጥቶ ስለነበር፣ የአራት ወር ልጇን አዝላ ብቻዋን ችሎት ቀረበች፤ ተፈረደባት። የይግባኝ መጠየቂያው የመጨረሻ ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ጠበቃው ይግባኙን የሚጽፍላት ማኅበሩ ክፍያውን በማኅተም ካረጋገጠለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁሉ ለማን አቤት እንደምል ጠይቄ ነበር። ኦዲተራችንን የመረጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ እሱም ወደ እርስዎ መራኝ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በማኅበር ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ፈገግ ብሎ ነገረኝ። ከዚህ በላይ የማንኳኳው በር አላገኘሁም፤ እንግዲህ አንዲት ማኅተም ብቻ እለምንዎታለሁ። ሥልጣኑንም ጃንጥላውንም ይያዙት።

በሰጡን ጥላ ሥር ለመቆም ያልታደልኩ፣ ሆኖም መዋጮዬ ያለማቋረጥ የሚደርስዎ፣
ታዛዥ ለመሆን ብዙ የሚቀረኝ አባልዎ
ሰሎሜ ወንዴ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከሥር በእጄ የጨመርኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጸሐፊዎ እንደነገረችኝ ማኅተሙ በቦርሳዎ ውስጥ ነው፤ እርስዎም ለድልዎ በሬ ታርዶ ከረቡዕ ጀምሮ ኮላ ድባ ከተማ ነዎት። ስልክዎ አይነሳም። ዓርብ አልፏል። ተመልሰው ሲመጡ እንዳይቸገሩ፣ ለአበቡ እኔው ነግሬያታለሁ።