በስልክሽ የፈለግሁት እኔ ነኝ

ወለተሐና፣

የክፍላችን ቁልፍ አከራያችን እማማ ታንጉ ጋ ነው።

እጮኛሽ ዲያቆን ዘሥላሴ ስልክሽን ሲከፍት የእርግዝና ማስታወቂያ የተደረደረበት በእኔ ምክንያት ነው። ለራሴ ጉዳይ ስለ እርግዝና በስልክሽ የፈለግሁት እኔ ነኝ። ገጹ «ኩኪስ ይቀበላሉ?» ሲለኝ፣ የቀረበን እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ተቀበልኩ። ስልክ ጠጋኙ እንዳስረዳኝ፣ ለካ የከፈትነውን መዝግቦ በየገጹ እየተከተለ የሚያሳብቅ ነው።

ሴቲንግ ገብተሽ የፍለጋ ታሪኩንም ኩኪሱንም አጥፊ። ሌላ ጊዜ «አልቀበልም» የሚለውን ንኪ።

ሽማግሌዎቹ ጋብቻው ቀርቷል ሊሉ የመጡ ቀን አብሬሽ አለቀስኩ እንጂ አልተናገርኩም።
አንቺም አንድ ጊዜ ትክ ብለሽ አየሽኝ፤ ስሜን ግን ለሽማግሌዎቹ አላነሳሽም።

መዘዞ፣ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ይህን ወረቀት ለዘሥላሴ አሳዪው፤ ለአባትሽ ለመርጌታም። ስሜን አትሸፍኚው።

መሰረት