የታችኛው መደርደሪያ ዝንቦች

ሰኞ፣ መጋቢት 8
ጠዋት ቤተ ሙከራ ገብቼ የዝንቦቹን ምግብ ቀየርኩ። ላይኛው መደርደሪያ ሙዝ፣ ታችኛው ፉርሽካ። አስራ አንድ ዓመት ይኸው ነው ሥራዬ። ሚስቴ ዛሬም «ሰው ዝንብ ያባርራል፣ አንተ ታረባለህ» አለችኝ። ምን ይባላል? እውነቷን ነው።

ጥናቱን የሚመሩት ዶክተሯ ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ዓርብ የላይኞቹንና የታችኞቹን ዝንቦች እናገናኛለን አሉ። ዘራቸው አንድ ነው፤ ስንት ትውልድ ተለያይተው፣ የተለያየ ምግብ በልተው... አሁንስ ይጋባሉ? እምቢ ካሉ፣ አንዱ ዝርያ ሁለት መሆን ጀምሯል ማለት ነው። ዶክተሯ ይህን ለማየት ነው ያን ሁሉ ዓመት የጠበቁት።

ያቺ የደበቅኳት ነገር ትዝ አለችኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10
ያቺን ነገር እዚህ እንኳ ጽፌያት አላውቅም። ከአራት ዓመት በፊት ነው። ዶክተሯ እናታቸውን ሲያስታምሙ ሁለት ወር አልመጡም። በየብልቃጡ ያሉትን የታችኛውን መደርደሪያ ዝንቦች ሻጋታ ፈጃቸው። በዚያ ጭንቀት ላይ «ዝንቦችዎ እያለቁ ነው» ይባላል? ከላይ ስድስት አውጥቼ ታች ጨመርኩ። ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ እጄ ለመደ... በሳሱ ቁጥር ሁለት፣ ሦስት። ለእሳቸው አዝኜ ነው? ወይስ ለሥራዬ ፈርቼ?

ዓርብ፣ መጋቢት 12
ተገናኙ። ለመለየት እንዲመች የፉርሽካዎቹ ምግብ ላይ ቀይ ቀለም ቀላቅለን ነበር፤ ሆዳቸው ቀልቷል። አርባ ጥንድ ቆጠርን። አስራ ዘጠኙ ቅልቅል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፤ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምንም አልመረጡም።
«በቃ፣ አስራ አንድ ዓመት አይበቃም ማለት ነው» አሉ። መነጽራቸውን ጠርገው ወጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13
ለሚስቴ ነገርኳት። «እና ዝም ብለህ ልትሸኛቸው ነው?»

ሰኞ፣ መጋቢት 15
ለዶክተሯ ተናገርኩ። ቆሜ።
«ስንት ጨመርክ?»
«መጀመሪያ ስድስት... ከዚያ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት።»
«አንተ ሰው! ጉድ ሠራኸኝ እኮ።» መዝገቡን ገልጠው ተመለከቱ። «ልክ ያልሆነ ነገር ልጽፍ ነበር። በየጊዜው ጥቂት እንግዳ ከገባባቸው መቼም አይለያዩም። ጊዜው አንሶ ይሁን ባንተ እጅ፣ አሁን በምን ይታወቃል?»
ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ «ያኔ እናቴን ሳስታምም እንዳንተ ያዘነልኝ ሰው አልነበረም። ግን ተናድጄብሃለሁ» አሉ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ሰኔ 28
ዶክተሯ ተሸኙ። መደርደሪያዎቹን እንደ አዲስ ጀመርን፤ መዝገቡ ላይ «ትውልድ አንድ» ብለው በእጃቸው ጽፈው የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጡኝ። ከሥሩ ትንሽ መስመር አለች፦ «ታችኞቹ ካለቁ ይለቁ።»

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6
ታች፣ አራተኛው ብልቃጥ ሻገተ። አምስት ዝንብ ቀርተዋል። ሳላስበው ከላይኛው መደርደሪያ የአንዱን ብልቃጥ ክዳን ከፍቼ ነበር... መልሼ ገጠምኩት። መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ «ብልቃጥ አራት፣ ሻጋታ። ምንም አልጨመርኩም።» ለዶክተሯም ደውዬ ነገርኳቸው።