ማኅተም የተለጠፈበት ዘር፦ ለእህል ዋጋ አረጋጊ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ይድረስ ለክቡር የእህል ዋጋ አረጋጊ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ወንበር፣ ከሁሉም በላይ ያቺ ጣሪያዋ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ የተሸከመች ነጭ መኪናዎ እንደምን ሰነበተች? በአገራችን ወግ አካም ጅርቱ ብዬ ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ለእርስዎ አንድ ሰላምታ አይበቃምና። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፣ ደስተኛ ነኝ። እዚህ ነቀምቴ፣ በበከኒሳ ቀሴ ገበያ በቆሎና ማሽላ ስነግድ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልንም በጊዜው በደህና ውጤት ጨርሻለሁ። መምህራችን ዋጋን የሚወስኑት አቅርቦትና ፍላጎት ናቸው ብለውን ነበር። ስለ መኪና የነገሩን ነገር የለም። ይህን የጎደለኝን ትምህርት ኮሚቴዎ በሁለት ወር ውስጥ፣ ያለ ክፍያ፣ በሁለት ቋንቋ ስለሞላልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከምስጋናው ጋር ጥቂት ቅሬታዎች ተቀላቅለው ቢገኙ፣ በቆሎም ሲሰፈር ጥቂት ጠጠር አያጣምና ለቅመው ያልፉልኛል።

አንደኛ፣ ስለ መኪናዋ።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ገበያው ጢም ብሎ፣ በቆሎም ሳይወጣ ሳይወርድ እንደወትሮው እየተሸጠ ሳለ፣ መኪናዎ «የበቆሎ ዋጋ አይወርድም! ገበሬዎች ሆይ፣ ወሬ አትስሙ፣ ተረጋጉ!» እያለች በመካከላችን አለፈች። ክቡር ሆይ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የበቆሎ ዋጋ ይወርዳል የሚል ወሬ በገበያችን አልነበረም። ወሬውን ያመጣልን ማስተባበያው ነው። ሰዉ ሁሉ ሸክሙን አውርዶ እርስ በርሱ ተያየ፤ «ለካ ሊወርድ ነው» የሚለው ነገር ከአፍ ሳይወጣ በዓይን ብቻ ገበያውን ዞረ።

መኪናዋን ማንም አያማትም፤ ያለፈ ሥራዋ ግን ይታወቃል። አምና «ጨው በበቂ ሁኔታ አለ» ብላ ዞረች፤ እኔ ራሴ፣ ቤቴ ጨው እያለኝ፣ ከሰዓት በኋላ እየተጋፋሁ ሦስት ከረጢት ገዝቼ ገባሁ። ዛሬም ድረስ አላለቀም። «ነዳጅ አልጠፋም» ባለች ማግስት ባጃጆቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ቆሙ። ከዚያ ወዲህ የነቀምቴ ሰው «አለ» ስትለው የለም፣ «አይወርድም» ስትለው ይወርዳል ብሎ መስማት ለምዷል። ይህን ያላወቁ ከተማው ውስጥ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የሚያውጅ ሰው አያዳምጥምና አይፈረድብዎትም።

የዚያን ቀን ሱቄ በር ላይ ኦቦ ደረሳ ቆሞ ነበር። ደረሳ የኡኬ ገበሬ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ደንበኛዬ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ጥሩ ዋጋ ሰጥቼው «ገና ይጨምራል» ብሎ እምቢ ያለኝ ኩሩ ሰው፣ መኪናዋ ስታልፍ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«አዴ በዛብሽ» አለኝ፣ «መንግሥት ዝም ብሎ ነዳጅ አቃጥሎ አይዞርም። ያሉኝን ይስጡኝ፣ ይውሰዱት።»

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ደረሳ፣ ምን ያስቸኩላል፣ ይረጋጉ» ስለው፣

«ይኸው! እርስዎም እንደ መኪናዋ ተረጋጉ ማለት ጀመሩ!» ብሎ ስልኩን አወጣና ባለቤቱን ሊሊሴን ጠራ። ቤት ያለውን ሁሉ አስፈልፍላ እንድትጭን ሲያዛት ሰማሁ። ከጎኑ የቆሙትም እሱን አይተው ስልካቸውን አወጡ። የተራበ ወይም የተቸገረ ስላለ አይደለም። ማንም መጨረሻ የሚቀረው ሞኝ እሱ እንዲሆን ስላልፈለገ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የኩንታሉ ዋጋ በሲሶ ወረደ። ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ጎረቤታችን ሲሬ ከተማ ከመኪናዎ በፊት ገባ፤ እዚያም ወረደ። በዚያ ቀን አንድም ዝናብ አልዘነበም፣ አንድም ማሳ አልተቃጠለም፣ የበቆሎውም ብዛት በአንድ ፍሬ አልጨመረም፤ የተለወጠው የሰው ልብ ብቻ ነበር።

እኔ ገዛሁ። መሸሸግ አልወድም፤ በደስታ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ከደረሳና ከኡኬ ጎረቤቶቹ የመጣውን ጭነት ሳራግፍ ግን፣ የአንዱን ጆንያ አፍ ስፈታ የወጥ ቤት ጭስ ሸተተኝ። ፍሬው ጠቆር ያለ፣ ትልልቅና እኩል እኩል ነበር። ሁለተኛውን ፈታሁ፤ ጭስ። አራተኛውን፤ ጭስ። እርስዎ በቢሮ ስላደጉ ላስረዳ፦ ገበሬው ከማሳው ምርጥ ምርጡን ራስ ለይቶ፣ በልባሱ አስሮ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። ያ ለገበያ አይወርድም፤ ያ የሚመጣው ዓመት ነው። ነጋዴ ጭስ የሸተተው በቆሎ ሲመጣለት ከዋጋው ይቀንሳል፤ እኔም መቀነስ ልማዴ ነው። የዚያን ዕለት ግን እጄ ጆንያው ውስጥ እንዳለ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ጆንያ ጭስ ቆጠርኩና ለብቻ፣ ከኋላ ግድግዳው ሥር አቆምኩት። መንግሥት የሚልከው የምርጥ ዘር ጭነት አምና የደረሰው ከዝናቡ በኋላ መሆኑን እኔም ደረሳም እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ዋጋ ሰሌዳው።

በየካቲት ኮሚቴዎ ለበቆሎ ችርቻሮ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ በትልቅ ሰሌዳ ገበያው መግቢያ ላይ ስለሰቀለልን እናመሰግናለን። ጎረቤቴ ታዲዮስ እስከዚያ ቀን ድረስ ከጣሪያው በታች ይሸጥ ነበር። ሰሌዳውን አንብቦ ሲመለስ ጣሪያውን ሞልቶ ጠየቀ። ምነው ስለው፣ «መንግሥት ይህን ያህል ይገባሃል ካለኝ፣ እኔ ማን ነኝና ራሴን የማረክስ?» አለኝ። ሁሉም እንዲሁ አሰበ። ጣሪያ ያሉት ወለል ሆኖ አደረ። የሚያስገርመው፣ ገዢውም «ሰሌዳው ላይ ነው» እያለ ሳይከራከር ይከፍላል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ክርክር ሳያደርግ ከእኔ አንድ ጣሳ ማሽላ እንኳ ገዝቶ የማያውቅ ሰው!

ሦስተኛ፣ በእውነቱ ለመጻፍ ያስነሳኝ ይሄ ነው፤ ሌላው መንገድ ላይ ያገኘሁት ነው፤ ስለ ማኅተሙ።

ኦቦ ደረሳ በመጋቢት መግቢያ መጣ። ዘሩን መልሶ እንደሚፈልግ ከፊቱ አነበብኩ፤ አፉ ግን ስለ ከብቶቹና ስለ መንገዱ ያወራል። እኔው ቀድሜ ጆንያዎቹ እንዳሉ፣ በገዛሁበት ዋጋ እንደምመልስ፣ ዛሬውኑ መጫን እንደሚችል ነገርኩት። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ቦታ ላይ ስህተቴን ይመዝግቡልኝ። ነጋዴ በገዛሁበት ውሰድ ሲል ማን ያምናል? ደረሳ ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ሰሌዳው አየ፣ ከዚያም እኔን አየኝ።

«እርስዎ በዚህ ዋጋ ለመልቀቅ ከቸኮሉ፣ ሊወርድ ነው ማለት ነው» አለኝ። «ትንሽ ልጠብቅ።»

አንድ ጊዜ በመቆየቱ የተጎዳ ሰው ቸኩሎ ሸጠ፤ ቸኩሎ በመሸጡ የተጎዳ ሰው ደግሞ መቆየትን መረጠ። ሁለቱንም ጊዜ በሙሉ አእምሮው ነው፤ ደረሳ ሞኝ አይደለም፤ ሞኝ ያለው ሰው አያውቀውም። ተማጸንኩት። ይበልጥ በተማጸንኩ ቁጥር ይበልጥ ተጠራጠረ። ለሐሙስ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ ኮሚቴዎ መጣ። የበቆሎ ዋጋ በሰሌዳው ምክንያት ስለተሰቀለ ምክንያቱ ተፈልጎ እኔ ተገኘሁ። ስድስት ሆነው ገቡ፤ ከኋላ ግድግዳ ሥር ለብቻ የቆሙትን ጆንያዎች ሲያዩ የቡድኑ መሪ ፈገግ አሉ፤ የሚደብቅ ሰው ካልሆነ እህል ለብቻ አያስቀምጥምና። ዘር ነው አልኩ። አሽቱት አልኩ። አንዱ ወጣት ወደ ጆንያው ጎንበስ አለና «የተበላሸ እህል ያከማቻሉ» ብሎ ያንንም ጨምሮ ጻፈ። በሩ ተዘጋ፤ ሁለት ወረቀት ተለጠፈ፤ ክብ ማኅተም ተመታ፤ ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ እኔ እስቃለሁ፤ ስደነግጥ የመሳቅ ልማድ ስላለኝ እባክዎ እንደ ንቀት አይቁጠሩብኝ።

ከዚያ የሆነውን እርስዎ አላዩትም፤ እኔ ከበሩ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ሰው ማኅተሙን አይቶ «እህል ታሸገ፤ ምን ሊመጣ ነው?» አለ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ ቆመች። ከኋላዋ ሌላዋ ቆመች። በአንድ ሰዓት ውስጥ በታሸገ በር ፊት እስከ መንገዱ ማዶ ሰልፍ ተዘረጋ። የመጨረሻውን ሰውዬ፣ «ወንድሜ፣ በሩ እኮ ዝግ ነው፤ ምን ሊገዙ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አዴ» አለኝ። «ይህን ያህል ሰው ዝም ብሎ አይሰለፍም።»

በዚያ ሳምንት በቆሎ ጥር ላይ ከነበረበት እጥፍ ሆነ። እንግዲህ ሐሙስ ደረሳ መጣ። ማኅተሙን በጣቱ ጫፍ ነካ። በአፉ ባይለውም ያሰበውን ግን አውቄዋለሁ፦ አዴ በዛብሽ ያስቸኮለችኝ ለካ ይህ እንደሚመጣ አውቃ ነው፤ አውቃም አልነገረችኝም። አሥራ አምስት ዓመት የተገነባ መተማመን በአንድ ክብ ቀለም ተዘጋ፤ ለዚህም ለማኅተም ቀራጩ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ማኅተሙን ለማንሳት ኮሚቴው መሰብሰብ አለበት ተባልኩ፤ ኮሚቴው ደግሞ ገበያ በማረጋጋት ሥራ ስለተጠመደ መሰብሰብ አልቻለም። ይህን በሰማሁበት ጊዜ ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

አሁን የምለምንዎ ትንሽ ነው። ዛሬ መጋቢት ሃያ ስምንት ነው፤ ኡኬ ላይ መሬቱ ተገልብጦ ዝናቡን ይጠብቃል፤ ቢበዛ ሦስት ሳምንት። ለሁለት ሰዓት ይክፈቱልኝ። አሥራ ዘጠኙን የጭስ ጆንያ ብቻ ላውጣ፤ የቀረውን ከፈለጉ ከነቤቱ ያሽጉት፣ እኔንም ጨምረው። ዋጋውን ራስዎ ይጻፉት፤ በነጻ ስጪ ቢሉኝም እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ በእግዚአብሔር ስም እማጸናለሁ፦ በመጪው ቅዳሜ «የዘር እጥረት የለም» የሚል ማስታወቂያ መዘጋጀቱን ሰምቻለሁ። አያስነግሩት። ያቺ መኪና ይህን ቃል ይዛ በኡኬ መንገድ ከወጣች፣ ዘር ያለው ሁሉ ይደብቃል፣ የሌለው ሁሉ ተስፋ ይቆርጣል፣ ሁለቱም ከእርስዎ የተማሩ ስለሆኑ ማንንም መውቀስ አይችሉም። ነዳጁ ተሞልቶ ከሆነና መመለስ ከከበደ፣ መዝሙር ከፍተው ይዙሩ።

ለረጅም ዕድሜዎ፣ ለወንበርዎ ጽናትና ለጆሮዎ ጤና በመጸለይ፣ ከማኅተምዎ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ሆኜ የጻፍኩት፤ የማስታወቂያዎ ታማኝ አድማጭ፣ የሰሌዳዎ አንባቢ፣ የተለጠፈው ወረቀት በንፋስ እንዳይገነጠል ያለ ደመወዝ የምጠብቅ ዘበኛዎ፤

በዛብሽ ገብረክርስቶስ
በከኒሳ ቀሴ፣ ነቀምቴ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ። የማይመለከተው ሰው ፈልጌ ስላጣሁ በየምሰሶው ለጥፌዋለሁ።

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ የታከለ፦ ኦቦ ደረሳ ትናንት ከጥንድ በሬዎቹ አንዱን ጎትቶ ከተማ ገባ። ዘር የሌለው ሰው በሬ ምን ያደርግለታል ብሎ ነው፤ አንድ በሬ ብቻውን እንደማያርስ እሱ ከእኔ በላይ ያውቃል። ጎረቤቶቹ ሲጎትት አይተውት «ደረሳ የሰማው ነገር አለ» አሉ፤ ዛሬ እስከ እኩለ ቀን ሰባት የእርሻ በሬ በደጃፌ አለፈ፤ ሉካንዳዎቹም ዋጋ ጣሉ። ስለዚህ ኮሚቴዎ ሥጋ ማርከሱን ቢያውጅ ለአንድ ጊዜ እውነት ይሆንለታል። የኡኬ ሰው እንደ እኛ ሁዳዴ አይጾምም፤ በዚህ ሳምንት ልጆቹ ሁሉ ሥጋ ጠግበው እያደሩ ነው። እንኳን ደስ አለዎት፤ ልጆቹ በደንብ ይብሉ፣ ይጥገቡ፣ እስከ መጪው ዓመት መኸር የሚያቆያቸውን ያህል።